ማን ነበር የተጫወተው? ስለ ተረሱ ሙዚቀኞችና ስለ ድሮ ቅጂዎች

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሙዚቃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃንን የማታ ብርድ ችላችሁ፣ ከሞቱ መቶ ዓመት ስላለፋቸው ፒያኖ ተጫዋቾች ለመስማት መጣችሁ። በእውነት አከብራችኋለሁ። ጋቢ የደረበ ላልደረበው ያካፍል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።

ከቅርባችን ልነሳ። አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ አንጎለላ ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ፣ ማለትም ድምፅን በሰም ቱቦ ላይ በሚቀርጽ መሣሪያ፣ የተቀዳ ሰላምታ ላኩላቸው። ያመጣው ሃሪንግተን የሚባል መልእክተኛ ነበር። ንግሥቲቱ ድምፃቸውን የሰጡት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ምኒልክ ከሰሙት በኋላ ቅጂው እንዲጠፋ። ምኒልክ ደጋግመው ሰሙት፤ ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። ከዚያ እሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በተራቸው በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተናግረው መልስ ላኩ።

የቪክቶሪያ መልእክት እንደታዘዘው ጠፋ። የምኒልክና የጣይቱ ግን ተረፈ። በ1969 የቋንቋ ሊቁ አብርሃም ደሞዝ ጥናት ጻፉበት። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ድምፁ የደከመ ነው። ቢሆንም የማን እንደሆነ እናውቃለን። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንደላከው በወረቀት ተመዝግቦ ነበርና።

ዛሬ የማወራው ነገር በሙሉ በዚህ ላይ ያጠነጥናል። ብዙ ሰው የድሮ ቅጂ ሲባል ትልቁ ችግር የድምፅ ጥራት ይመስለዋል። ጆሮ እኮ ይለምዳል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ እየወረደ የሚያወራ ሰው እንደማዳመጥ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ይረሳና ወሬው ይቀራል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ማን ነው የሚጫወተው? መቼ? የት? በምን ፍጥነት ተቀዳ? ይሄ ከጠፋ ድምፁ ቢኖርም ሰውየው የለም።

ምኒልክ የተናገሩበት ዓይነት የሰም ቱቦ፣ ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ቪየና ላይ ሌላ ሰው ቀድቶ ነበር። ጊዜው ዲሴምበር 1889፣ ሰውየው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐንስ ብራምስ። የፎኖግራፍ ፈልሳፊው የኤዲሰን ወኪል ቴዎ ቫንገማን መሣሪያውን ይዞ መጣ። ብራምስ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ከራሱ የመጀመሪያ የሃንጋሪ ዳንስ ቁራጭ ተጫወተ። አሁን ብትሰሙት ከሙዚቃው ይልቅ ጫጫታው ይበዛል። መጀመሪያው ላይ ግን አንድ ሰው ጮክ ብሎ የብራምስን ስም ይጠራል። የሚጠራው ብራምስ ራሱ ነው ወይስ ቀጂው ተብሎ ብዙ ተከራክረውበታል። እኔን የሚማርከኝ ልማዱ ነው። የሰም ቱቦ እንደ ሸክላ መሃሉ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የዚያን ዘመን ቀጂዎች ከሙዚቃው በፊት ስም በድምፅ ይጠሩ ነበር። ይችን ልማድ ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ሞስኮ ውስጥ ደግሞ ዩሊየስ ብሎክ የሚባል ነጋዴ ነበር። ሙዚቃ የሚወድ፣ የውጭ አገር ዕቃ አስመጪ። ፎኖግራፍ አስመጣና እንግዳ ቤቱ በመጣ ቁጥር ይቀዳ ጀመር። እንግዶቹ ደግሞ ተራ እንግዶች አልነበሩም። በ1890 የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ ከጓደኞቹ ጋር መሣሪያው ፊት ሲቀልድ ይሰማል። ሌላው ደራሲ ታኔዬቭ ይጫወታል። አሬንስኪ የራሱን ሥራ ይጫወታል። ፓውል ፓብስት የሚባል የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ መምህርም አለ። በ1912 ደግሞ በርሊን ላይ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ቫዮሊን ይዞ ቀረበ፤ ያሻ ሃይፌዝ ነው። ኋላ ዓለም ጉድ ያለለት ሃይፌዝ። የዘመኑ ትልቅ ፒያኒስት የነበረው አንቶን ሩቢንስታይን ግን በ1894 ሲሞት አንድ ቁራጭ ቅጂ እንኳ አልተወም። ይሄ እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ሰዎች አሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

የብሎክ ስብስብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፋ መስሎ ቆየ። ለካስ ብዙዎቹ ቱቦዎች ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፑሽኪን ቤት የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ተቋም ውስጥ ተቀምጠው ኖረዋል። በ2008 ዎርድ ማርስተን የሚባል አሜሪካዊ አጽድቶ በሲዲ አወጣቸው። ማርስተን ዓይነ ስውር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው የሌሎችን የተረሳ ድምፅ ማውጣት ነው። በዚህ ሙያ እንደሱ የሚከበሩ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ።

«እሺ፣ የተረሳ ፒያኒስት ተገኘ፤ ምን ይጠበስ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር እንከን የሌለው ቅጂ ሞልቷል። መቶ ሰው አንድን ሶናታ በአንድ ዓይነት ንጽሕና ይጫወታል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይለያል። ዮሴፍ ዮአኪምን ስሙ። በ1831 የተወለደ ቫዮሊኒስት ነው። ብራምስ የቫዮሊን ኮንቼርቶውን (ለአንድ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ሥራ ነው) የጻፈው ለእሱ ነው። በ1903 ሽማግሌ ሆኖ ሸክላ አስቀዳ። ጣቱን ክሩ ላይ ማንቀጥቀጡን፣ ዛሬ ሁሉም ሳያቋርጥ የሚያደርገውን፣ እሱ እንደ ቅመም ነው የሚጠቀምበት። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር ይንሸራተታል። የዛሬ መምህር ቢሰማው ለተማሪው «እንዲህ አታድርግ» ይለዋል። ግን ብራምስን በአካል የሚያውቀው ማን ነው? መምህሩ ወይስ ዮአኪም?

ለዚህ ነው የድሮ ቅጂ እንደ ሰነድ የሚታየው። ኖታ የጣቱን ቦታ ይነግራል። ትንፋሹን፣ ማዘግየቱን፣ መቸኮሉን አይነግርም። ድጓ የተማራችሁ እዚህ አላችሁ፤ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ምልክቱ ብራናው ላይ አለ፤ ዜማው ግን ያለ መምህር አይወጣም።

ደግሞ እነዚህ ሰዎች በምን ችግር እንደቀዱ አስቡ። እስከ 1925 ድረስ ሸክላ በማይክሮፎን አይቀዳም ነበር። ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ ፊት ቆሞ መጮህ ነው። የሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብቻ ነው። በ1913 አርቱር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን እየመራ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ሲያስቀዳ 8 ገጽ ፈጀ። አድማጩ በየ4 ደቂቃው እየተነሳ ሸክላ ይገለብጣል። ረጅሙ ሸክላ የመጣው በ1948 ነው። የሶፕራኖዋን (ቀጭን ከፍተኛ ድምፅ ያላትን ዘፋኝ) የአዴሊና ፓቲን ቅጂ ለመሥራት ደግሞ በ1905 ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ጭነው ዌልስ እሷ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ። 62 ዓመቷ ነበር። የራሷን ድምፅ መጀመሪያ ስትሰማ «ፓቲ ለምን ፓቲ እንደሆነች አሁን ገባኝ» አለች ይባላል። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስትዘፍን ግን እውነቷን ነው።

ሰው የሚረሳው ችሎታ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ዥኔት ኔቮ የምትባል ፈረንሳዊት ቫዮሊኒስት በ1935 ዋርሶ ላይ የቪየንያቭስኪን ውድድር ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣው ዳቪድ ኦይስትራክ ነበር። በ1949 የተሳፈረችበት አውሮፕላን አዞረስ ደሴት ላይ ወድቆ በ30 ዓመቷ ሞተች። ኦይስትራክን ዓለም ያውቀዋል፤ እሷን የሚያውቋት ቅጂ ፈላጊዎች ናቸው። ሮላንድ ሄይስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ደግሞ ወላጆቹ ባሪያ ሆነው የኖሩ ናቸው። የጥቁር ክላሲካል ዘፋኝ ሸክላ አሳትሞ የሚሸጥ ሲጠፋ በ1917 እና በ1918 ከኪሱ ከፍሎ አስቀዳ። በ1921 የእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ዘፈነ። ያን ገንዘብ ባያወጣ ኖሮ የወጣትነት ድምፁ ዛሬ የለም።

አሁን ወደምወዳት ታሪክ ልግባ። ዲኑ ሊፓቲ ሩማንያዊ ፒያኒስት ነበር። በ1950 ሆጅኪን በሚባል የሊምፍ ካንሰር በ33 ዓመቱ ሞተ። ሊሞት ሦስት ወር ሳይሞላ ፈረንሳይ ውስጥ ቤዛንሶን ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ከ14ቱ የፖላንዳዊው ደራሲ የሾፓን ዋልዞች 13ቱን ተጫውቶ አቅም አነሰው፤ አስራ አራተኛውን ሳይጫወት ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሞት አድናቂው ቁራሽ ቅጂ ይፈልጋል። በ1966 የሸክላ ኩባንያው ኢኤምአይ የሾፓንን የመጀመሪያ ፒያኖ ኮንቼርቶ በሊፓቲ ስም አወጣ። ከአንድ ኮንሰርት የተገኘ ቅጂ ነው ተባለ። ተቺዎቹ አጨበጨቡ። «ይሄ ንክኪ የሊፓቲ ብቻ ነው» ተባለ።

15 ዓመት እንዲህ ኖረ። በ1981 ቢቢሲ ቅጂውን በራዲዮ ሲያሰማ አንድ አድማጭ ተጠራጠረ። «ይሄ እኔ ቤት ካለው ሸክላ ጋር አንድ ነው» አለ። ቢያስተያዩት እውነት ሆነ። የምትጫወተው ፖላንዳዊቷ ሃሊና ቼርኒ ስቴፋንስካ ነበረች። በ1949 ዋርሶ ላይ የሾፓንን ውድድር ከቤላ ዳቪዶቪች ጋር እኩል አንደኛ የወጣች ሴት። ያን ሁሉ ጊዜ ሙገሳው ለሊፓቲ ሲጎርፍ እሷ በሕይወት አለች። ያን ሁሉ ጊዜ እጇ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ኖረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወሬው ከወጣ በኋላ ሊፓቲ ራሱ ያንኑ ኮንቼርቶ ዙሪክ ላይ በ1950 ሲጫወት የተቀዳ እውነተኛ ቅጂ ተገኘ። ስህተቱ ባይጋለጥ ኖሮ ማንም አይፈልገውም ነበር። ምን ይፈልጋል? «አለን እኮ» ይሉ ነበር።

ሊፓቲ ላይ የሆነው ስህተት ነው። ጆይስ ሃቶ ላይ የሆነው ግን ማጭበርበር ነው። ሃቶ እንግሊዛዊት ፒያኒስት ነበረች። ታማ ከመድረክ ከራቀች በኋላ ባሏ በስሟ ከመቶ በላይ ሲዲ አወጣ። ተቺዎች «ማንም የማያውቃት ታላቅ ፒያኒስት» እያሉ ጻፉላት። የተረሳ ሰው ማግኘት ደስ ይላል፤ ደስታው ደግሞ ዓይን ይጋርዳል። በ2006 ሞተች። በ2007 አንድ ሰው ከሲዲዎቿ አንዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲከት፣ የሙዚቃ ማጫወቻው ፕሮግራም አይቲዩንስ «ይሄ ላስሎ ሲሞን ነው» ብሎ የሌላ ፒያኒስት ስም አወጣ። መረመሩ። ዲስኮቹ የሌሎች ሰዎች ሥራ ሆነው ተገኙ፤ አንዳንዶቹ እንዳይታወቁ ትንሽ ተጎትተው ረዝመዋል። የእነዚያን ተቺዎች ፊት በዚያን ቀን ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ክፉ አታድርገኝ።

ፍጥነትም ያው ነው። ከኤዲሰን በፊት፣ በ1860፣ ስኮት ደ ማርቲንቪል የሚባል ፈረንሳዊ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የድምፅ መስመር ስሎ ነበር። መልሶ ለማሰማት አልነበረም፤ ለዓይን ብቻ ነው። በ2008 ተመራማሪዎች መስመሩን በኮምፒውተር ወደ ድምፅ ቀየሩት። አንዲት ልጅ ዘፈን ስትዘፍን ተሰማ። ዓለም ጉድ አለ። በዓመቱ ግን ሲያጣሩ ፍጥነቱ እጥፍ ኖሯል። ሲያዘገዩት ልጅቷ ጠፋችና ጎልማሳ ወንድ ሆነች፤ ምናልባትም ስኮት ራሱ። 78 ዙር የሚባለው ሸክላም ቢሆን ሁሉም በትክክል 78 አይዞርም። አንዱ በ74፣ ሌላው በ80 ተቀድቷል። ተሳስታችሁ ካዞራችሁት ቴነሩ ሕፃን ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ታውቃላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ሄደው ሸክላ ያስቀዱ፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ በር ከፋች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። ነገራችን ክላሲካል ስለሆነ።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። ጣሊያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል አግኝተው ሳለ ተከለከሉ። እህል እምቢ አሉ፤ ታመሙ፤ በመጨረሻም ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። 10 ዓመት ያህል እዚያ ኖሩ። ፒያኖ በሌለበት።

ተመልሰው መጫወት ከጀመሩ በኋላ በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀዱ። ገቢው ለችግረኞች ነበር። ሸክላው ጥቂት ሰው እጅ ገባና ዝም አለ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሲዲ 21ኛ አድርጎ በ2006 አወጣቸው። ወደ 40 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ዓለም የሰማቸው ያኔ ነው። በ2013 ደግሞ ማያ ዱኒትስ የምትባል ፒያኒስት ኖታቸውን ሰብስባ አሳተመች። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እማሆይ ዕድለኛ ናቸው። ሸክላቸው ላይ ስም ነበር፣ ዓመት ነበር። ራሳቸውም ተጠይቀው ለመመለስ በሕይወት ቆዩ። አስተማሪያቸውን ኮንቶሮቪችን ግን እዩት። አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። ስንት ሰው አስተምሯል። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በተማሪው ታሪክ ውስጥ በአንድ መስመር ነው። ዶክተር አሸናፊ ከበደን ደግሞ አስቡ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ናቸው። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የሚል የኦርኬስትራ ድርሰት አላቸው። መንዝ ላይ እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ሰምቶ ያደገ ሰው ይሄን ድርሰት አለመስማቱ ያናድደኛል። በ1998 ነው ያረፉት፤ ትናንት ማለት እኮ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ሰዎች ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና ካሴት ያመጡልኛል። ሰርግ አለ፣ ስብከት አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ሽለላ አለ። የአብዛኛው ካሴት ሽፋን ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? «አይነካ»። በቃ። ማን ነው አይነካ? አንዳንዱ ላይ «ጥሩ» ይላል። ጥሩ መሆኑን ስሰማው አወቅሁ፤ ያላወቅሁት ስሙን ነው።

አንድ ጊዜ ከመንዝ የመጣ የበገና ካሴት አገኘሁ። ላዩ ላይ ምንም የለም። ሰውየው የሚደረድረው ለራሱ ነው የሚመስለው። በየስንኙ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ባለቤቱ ከሟች አጎቱ ዕቃ ውስጥ ነው ያገኘው፤ አጎቱ ግን በገና አይደረድርም ነበር። ገልብጬ ሰጠሁት፤ «መንደር ወስደህ ለትልልቆቹ አሰማ» አልኩት። አንዲት እናት ስንኙን ሳትሰማ፣ ገና ጉሮሮ ሲጠርግ ለዩት። ጎረቤታቸው ነበር። የሞተ ሰሞን ልጆቹ «አባታችን አንድ ድምፅ እንኳ አልተወልንም» እያሉ ሲያለቅሱ ነበር አሉ። ካሴቱ ደግሞ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ።

በገና ካነሳሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አሁን ስልክ ላይ ድምፅ የሚያጸዳ አፕ ሞልቷል። ወጣቶች ካሴቱን ቀድተው በአፑ ያሳልፉታል። በገና የሚነዝረው ክሩ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራው ነው። አፑ ያንን ንዝረት ረብሻ ነው ብሎ ይበላዋል። የሚቀረው ክራር የሚመስል ነገር ነው። ፈረንጆቹም ይሄን ጥፋት ሠርተዋል። የሸክላውን ሹሹታ እናጥፋ ብለው ከሹሹታው ጋር የቫዮሊኑንም የላይኛ ድምፅ ጠርገው አውጥተዋል። እነ ማርስተን የሚከበሩት ጫጫታውን ስለሚያጠፉ አይደለም፤ የት ላይ እጃቸውን እንደሚሰበስቡ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያልተነካውን አስቀምጡ። ማጽዳቱ በኮፒው ላይ ይሁን።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልበል። ካሴቱ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ስበሯቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ተሳስቶ ላዩ ላይ አይቀዳም። ከማጫወታችሁ በፊት የቴፑን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ድምፁ የታፈነ ከመሰላችሁ ጭንቅላቱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በቀስታ አዙሩ፤ የሚጠራበት ቦታ አለ። ስትቀዱ ፋይሉ ዌቭ (ድምፁ ያልተጨመቀበት) ይሁን፤ የተጨመቀው ኤምፒስሪ ለመላላክ ነው። ኮፒው ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ። አንዱ ፍላሽ ሲጠፋ ሁሉም እንዳይጠፋ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ልማድ አሁን መልሱልኝ። ስትቀዱ መጀመሪያው ላይ በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ። «ይሄ ካሴት ከእከሌ ቤት የተገኘ ነው፣ የሚጫወተው እከሌ ነው፣ ይህን ያወቁት እትዬ እከሊት ናቸው፣ የተገለበጠው በዚህ ቀን ነው።» በብራምስ ቅጂ ላይ የተደረገው ይሄንኑ ነው። የፋይል ስም ይቀየራል፣ ወረቀት ይቀደዳል። በድምፁ ውስጥ ያለ ስም ግን ከድምፁ ጋር ይሄዳል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ይመስለናል» በሉ። ሊፓቲ ይመስለናል ቢሉ ኖሮ ያቺ ሴት 15 ዓመት ባልተሰረቀች።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን እዚህ ላስገባ።

አንድ መምህር ክላሲካል የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል አሉ። የፈረንጅ መሆኑን አልክድም። እማሆይ ግን ሾፓንንም የያሬድን ዜማም በአንድ እጃቸው ይዘው ነው የተጫወቱት። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንላቸው የትኛውን ይጥሉ ነበር? ደግሞ ፈረንጆቹ የራሳቸውን የሰም ቱቦ እንዴት እንዳዳኑ ካየን የእኛን ካሴት ማዳን እንማራለን። ዘዴው አንድ ነው።

አንዲት ተማሪ ከየት ልጀምር አለች። መጀመሪያ እማሆይን ስሚ፤ በቀላሉ ትገቢበታለሽ። ቀጥሎ የሊፓቲን የባኽ ቅጂዎች ስሚ፤ ድምፁ ንጹሕ ስለሆነ አያስፈራም። ዮአኪምን ለመጨረሻ አቆዪው። ብራምስን ከስሙ ባሻገር ለመስማት አትድከሚ፤ ስሙ ይበቃል።

ካሴቱን ቤተሰብ ሳይፈቅድ ዩቲዩብ ላይ ልጫን ወይ ያለም ነበር። አይሆንም። ቤተሰቡን ጠይቅ። የቤተ ክርስቲያን ነገር ከሆነ ደብሩን ጠይቅ። ሰውየው ለራሱ የደረደረውን በገና ላይክ ማግኛ ማድረግ ነውር ነው።

የመጨረሻውን የጠየቁት አንድ አባት ናቸው። የአባታቸው ማሲንቆ ያለበት ካሴት አላቸው። ልጃቸው መሃሉ ላይ የዘፋኝ ዘፈን ቀድቶበታል። ይመለሳል ወይ አሉኝ። አይመለስም፣ አባቴ። ላዩ ላይ የተቀዳበት ክር የቀድሞውን አይመልስም። ተስፋ የሚሰጣችሁ ካለ ዋሽቷል፤ ገንዘብም አትስጡት። ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር፣ በሁለቱም ገጽ ስሙት፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ጫፉ ላይ የአባትዎ ቁራጭ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን ጥሩ ካሴት በአንድ ቤት አይቀርም ነበር። ጎረቤት ይዋሳል፣ በሁለት ቴፕ ይገለብጣል። አክስትዎ ሸዋ ሮቢት ነው ያሉት? እዚያ ይደውሉና ቁም ሣጥናቸውን ያስፈትሹ። ላዩ ላይ «አይነካ» የሚል ካለ እሱን ያምጡልኝ።